የአንጀት ብግነት በሽታን በአይጥ የማጥናት ጠቀሜታና ወሰን

ስለ አዳዲስ መድኃኒቶች ከሚሰራጩ ዜናዎች መካከል "በአይጥ ላይ ተሞክሮ አበረታች ውጤት ተገኝቶበታል" የሚለው ሐረግ በተደጋጋሚ ይሰማል። ሐረጉ አጭር ቢሆንም የምርምር በጀት ለሚመድብ፣ የጥናት ፕሮፖዛል ለሚገመግም ወይም አንድ መድኃኒት በሥራ ላይ እንዲውል ለሚወስን ኃላፊ የሚያስተላልፈው መልእክት ቀላል አይደለም። በአይጥ ላይ የተገኘ ውጤት ምን ያረጋግጣል? ምንስ አያረጋግጥም? የሚሉት ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ይሻሉ።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ከ30 ዓመታት በላይ የዘለቀው የአንጀት ብግነት በሽታ ምርምር ጥሩ ማሳያ ነው። በዚህ መስክ የአይጥ ጥናት ተመራማሪዎችን ወደ ትክክለኛ መድኃኒት የመራበት ጊዜ አለ። በአይጥ ላይ የታየው ውጤት ከሚገባው በላይ ተተርጉሞ ሕሙማን የጠበቁትን ፈውስ ሳያገኙ የቀሩበት ጊዜም አለ። የሁለቱን ልዩነት መገንዘብ ከሕክምና ባለሙያዎች ውጭ ላሉ ውሳኔ ሰጪዎችም ጠቃሚ ነው።

የበሽታው ምንነት

ብግነት ሰውነት ከጉዳት ወይም ከተሕዋስያን ራሱን በሚከላከልበት ጊዜ የሚፈጠር መቆጣት፣ መቅላትና ማበጥ ነው። በጤናማ ሰው ላይ ይህ ሁኔታ ሥራውን ፈጽሞ ይበርዳል። በአንጀት ብግነት በሽታ የተያዘ ሰው ግን የመከላከል ሥርዓቱ ሳይበርድ የራሱን አንጀት ለዓመታት ሲጎዳ ይኖራል። በሽታው በሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ይከፈላል። የመጀመሪያው አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የትልቁ አንጀት የውስጠኛ ሽፋን ቁስለት ነው። ሁለተኛው የክሮን በሽታ ሲሆን፣ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ባለው የምግብ መተላለፊያ በየትኛውም ክፍል ሊከሰት ይችላል፤ የአንጀትን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ዘልቆም ሊጎዳ ይችላል። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 በኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በሽታውን በጽሑፍ ካስተዋወቁት ከዶክተር በሪል ክሮን ነው።

ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ተቅማጥ፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የክብደት መቀነስ፣ ድካምና የደም ማነስ የበሽታው ዋና ዋና ምልክቶች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ዕድሜ በመሆኑ የሕሙማኑን ትምህርት፣ ሥራና ትዳር ያውካል። ያሉት መድኃኒቶች ብግነቱን ያበርዳሉ እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅሉም።

በኢትዮጵያና በመሰል አገሮች ሥር የሰደደ የሆድ ሕመም ሲያጋጥም በቅድሚያ የሚታሰቡት አሜባ፣ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። በተለይ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳና የክሮን በሽታ በኢንዶስኮፒ ምርመራም ሳይቀር ይመሳሰላሉ። ልዩነቱን አጣርቶ መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለክሮን በሽታ መታከሚያ የዋሉት፣ ቲ.ኤን.ኤፍ የተባለውን ፕሮቲን የሚያግዱት መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የቆየን የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት መድኃኒቱ ከመሰጠቱ አስቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ግዴታ ሆኗል።

የበሽታው መንስኤ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኖድ 2 የተባለው ዘረ መል ከክሮን በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳለው ከተደረሰበት ወዲህ፣ ከአንጀት ብግነት ጋር የተያያዙ ከ200 በላይ የዘረ መል አካባቢዎች ተለይተዋል። ይሁን እንጂ ዘር ብቻውን በሽታውን አያስከትልም። በእስራኤል የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ ከኢትዮጵያ ወደዚያ በሄዱ ወገኖች ላይ በሽታው የታየው በአዲሱ አገር ለዓመታት ከኖሩ በኋላ ነው። የሰዎቹ ዘር አልተለወጠም፤ የተለወጠው አመጋገባቸው፣ አኗኗራቸውና አካባቢያቸው ነው። ዘር፣ ምግብ፣ የአንጀት ባክቴሪያና የመከላከል ሥርዓት በአንድነት የሚሳተፉበትን በሽታ በሰው ላይ ነጣጥሎ ማጥናት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ተመራማሪዎች ወደ አይጥ የተመለሱትም ይህን ችግር ለመፍታት ነው።

አይጥ የተመረጠችበት ምክንያት

አይጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ በአጭር ጊዜም ብዙ ትውልድ ይገኝባታል። የምትበላው ምግብ፣ የምትጠጣው ውኃ፣ የምትኖርበት ሙቀትና የምትወስደው ባክቴሪያ ጭምር በተመራማሪው ቁጥጥር ሥር ሊሆን ይችላል። በቅርብ ዝምድና ተራብተው በዘር አንድ ዓይነት የሆኑ የአይጥ ዝርያዎችም አሉ። በዓለም ላይ በብዛት ጥቅም ላይ ከሚውሉት አንዱ የሆነው ሲ 57 ብላክ 6 የተባለው ዝርያ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካዊው ክላረንስ ኩክ ሊትል የተራቡት አይጦች ናቸው። በአንድ ዘር አይጦች ላይ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ የሚከተለውን ማየት ስለሚቻል፣ ምክንያትና ውጤትን ለመለየት ያመቻሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የአይጥ የዘረ መል ካርታ ይፋ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የአይጥ ዘረ መሎች በሰው ውስጥ አቻ እንዳላቸው ታውቋል። ከዚያ አስቀድሞ በ1980ዎቹ አንድን ዘረ መል ከአይጥ ለይቶ ማስወገድ የሚቻልበት ዘዴ ተገኝቶ ነበር። ለዚህ ሥራ ማሪዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኢቫንስና ኦሊቨር ስሚዚስ እ.ኤ.አ. የ2007 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተቀብለዋል።

እዚህ ላይ "ሞዴል" የሚለውን ቃል በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። የበሽታ ሞዴል የተባለች አይጥ የሰው በሽታ የያዛት አይጥ ማለት አይደለችም። የሰው በሽታ አንድ ገጽታ ተመርጦ በአይጧ አካል ላይ እንዲታይ ተደርጓል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሞዴል የሚመልሰው የቀረበለትን ጥያቄ ብቻ ነው።

ዋና ዋና የምርምር ዘዴዎች

የመጀመሪያው ዘዴ አንጀትን በኬሚካል ማቁሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ተመራማሪዎች ዲ.ኤስ.ኤስ የተባለ ንጥረ ነገር ለአይጦች በመጠጥ ውኃ ሲሰጥ የትልቁ አንጀት ሽፋን እንደሚቆስል አሳወቁ። ከ5 እስከ 7 ቀናት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ አይጦቹ ይቀጥናሉ፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ደምም ይወጣቸዋል። ዘዴው ቀላልና ፈጣን በመሆኑ እጅግ ተስፋፍቷል። ሆኖም ቲ እና ቢ የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት በሌሏቸው አይጦችም ላይ ቁስሉ ስለሚፈጠር፣ ዘዴው በዋነኛነት የሚያሳየው የአንጀት ሽፋን እንዴት እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚሽር ነው። ቲ.ኤን.ቢ.ኤስ የተባለ ሌላ ኬሚካል በፊንጢጣ በኩል በመስጠት የሚካሄደው ዘዴ ደግሞ የቲ ሕዋሳትን ሚና ለማየት ያገለግላል።

ሁለተኛው ዘዴ የመከላከያ ሕዋሳትን ማዛወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ፊዮና ፓውሪና ባልደረቦቻቸው የራሳቸው ቲ ሕዋሳት ለሌሏቸው አይጦች ከጤናማ አይጥ የተወሰደ አንድ የቲ ሕዋሳት ክፍል ብቻ ሲሰጥ አንጀታቸው በሳምንታት ውስጥ እንደሚቆጣ አሳዩ። ሌላው የቲ ሕዋሳት ክፍል አብሮ ሲሰጥ ግን በሽታው አልተነሣም። ይህም በጤናማ አካል ውስጥ አጥቂውን የሚገታ ተቆጣጣሪ ሕዋስ መኖሩን ከሚያስረዱ ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። በተቆጣጣሪ ሕዋሳት ላይ የተካሄደው ሰፊ ምርምር እ.ኤ.አ. በ2025 ለሜሪ ብሩንኮ፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል።

ሦስተኛው ዘዴ የመከላከል ሥርዓቱን ከሚቆጣጠሩ ዘረ መሎች አንዱን ማስወገድ ነው። አራተኛው ደግሞ አይጦችን ከልደታቸው ጀምሮ ከማናቸውም ባክቴሪያ በጸዳ መኖሪያ ማሳደግ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ዘዴ አንድ ላይ ሲሆኑ የሰጡት ውጤት በዚህ መስክ ከተገኙት ሁሉ ትልቁን ትምህርት ይዟል።

የኢንተርሉኪን-10 ምርምር ያስገኘው ትምህርት

ኢንተርሉኪን-10 የተነሣሣውን የመከላከል ሥርዓት የሚያበርድ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የጀርመኑ ኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ተቋማት ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን፣ ይህ ዘረ መል የተወገደላቸው አይጦች ምን እንደደረሰባቸው ይፋ አደረጉ። አብዛኞቹ አይጦች ዕድገታቸው ቀጭጮ፣ ደም አንሷቸውና አንጀታቸው ሥር በሰደደ ብግነት ተይዞ ተገኝተዋል። በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በሌሉበት ንጹሕ ቤት ባደጉት አይጦች ላይ ግን ብግነቱ በትልቁ አንጀት አንድ ክፍል ብቻ ተወስኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ደግሞ ፈጽሞ ባክቴሪያ በሌለበት ያደጉት እነዚሁ አይጦች የአንጀት ብግነት እንዳልያዛቸው፣ የተለመዱት የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲሰጧቸው ግን እንደታመሙ አረጋገጠ።

ከዚህ የተገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነበር። የዘረ መል ጉድለት ብቻውን ወይም ባክቴሪያ ብቻውን በሽታውን አላስከተለም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን በሽታው ተነሣ። የአንጀት ብግነት የመከላከል ሥርዓቱ በአንጀት ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተስማምቶ መኖር ሲሳነው የሚከሰት መሆኑ በዚህ መንገድ ተጠናከረ።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ኢንተርሉኪን-10 ለሕሙማን ቢሰጥ ይድናሉ የሚል ነበር። ሐሳቡ በሰው ላይ ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ በሆነ አንድ ጥናት በሌሎች መድኃኒቶች ያልተሻላቸው 329 የክሮን ሕሙማን ተሳትፈዋል። ፕሮቲኑ የተሰጣቸው ሕሙማን ሙሉ እፎይታ በማግኘት ረገድ ለማነጻጸሪያ መድኃኒትነት የሌለው መርፌ ከተሰጣቸው ሕሙማን የተለየ ብልጫ አላሳዩም። ተስፋ የተጣለበት ሕክምና በዚሁ ቆመ።

የአይጡ ምርምር ስሕተት ነበር ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በእነዚሁ አይጦች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ፕሮቲኑ ጡት እንደተዉ ለተሰጣቸው ግልገሎች በሽታውን እንደሚከላከል፣ በሽታው ለጸናባቸው ጎልማሶች ግን ሕመሙን ከማቃለል እንደማያልፍ አመልክቶ ነበር። ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ሕመምተኛ ደግሞ በሽታው የጸናበት ነው። ከዚህም ሌላ፣ ፕሮቲኑ የሌላት አይጥ መታመሟ የክሮን ሕሙማን ሁሉ ፕሮቲኑ ጎድሏቸዋል ማለት አልነበረም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 በጨቅላነታቸው እጅግ ከባድ የአንጀት ብግነት የያዛቸው ዘጠኝ ሕፃናት ተመርምረው፣ አራቱ ኢንተርሉኪን-10ን በሚቀበለው የሕዋስ ክፍል ዘረ መል ላይ ጉድለት እንዳለባቸው ታወቀ። እነዚህ ሕፃናት ከኮሎኝ አይጦች ጋር የሚቀራረብ ችግር ነበረባቸው። ተቀባዩ የሕዋስ ክፍል ስለተበላሸ ፕሮቲኑን በመርፌ መስጠት ሊረዳቸው አይችልም፤ ጤናማ የመከላከያ ሕዋሳት ያስፈልጋቸው ነበር። ከሕፃናቱ ለአንዱ ከሌላ ሰው የተወሰዱ ደም ፈጣሪ ሕዋሳት ተሰጥተውት ሕክምናው ተሳካ። በአይጥ የተገኘው እውቀት ከ16 ዓመታት በኋላ ተገቢውን ሕመምተኛ አገኘ ማለት ነው። ለብዙኃኑ ሕሙማን ያልሠራው እውቀት ለጥቂት ሕፃናት የሕይወት መንገድ ከፈተ።

የተሳካና ያልተሳካ መድኃኒት

ሌሎች ሁለት ምሳሌዎችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚገኙ ተመራማሪዎች ኢንተርሉኪን-12 የተባለውን ፕሮቲን የሚያግድ አንቲቦዲ፣ በአይጦች ላይ አስቀድሞ የጸናን የአንጀት ብግነት እንኳ እንደሚያበርድ አሳዩ። በ2006 የወጡ የአይጥ ጥናቶች ደግሞ በአንጀት ላይ ይበልጥ ወሳኙ ዘመዱ ኢንተርሉኪን-23 መሆኑን አመለከቱ። ሁለቱን ፕሮቲኖች የሚያግደው ኡስቴኪኑማብ በሰው ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ለክሮን በሽታ፣ በ2019 ለአልሰራቲቭ ኮላይቲስ ተፈቀደ። ኢንተርሉኪን-23ን ብቻ የሚያግደው ሪሳንኪዙማብም በ2022 ለክሮን በሽታ ፈቃድ አግኝቷል። ከአይጡ ውጤት እስከ መጀመሪያው ፈቃድ 21 ዓመታት ማለፋቸው ልብ ሊባል ይገባል።

በኢንተርሉኪን-17 ላይ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በአንድ ሞዴል ፕሮቲኑ ሥራውን እንዳይሠራ ሲደረግ የአይጦቹ አንጀት ከጉዳት ተጠበቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በዲ.ኤስ.ኤስ ሞዴል በወጣ ጥናት ደግሞ ፕሮቲኑ ሲታገድ ቁስሉ ባሰ። በ2012 ፕሮቲኑን የሚያግደው ሴኩኪኑማብ በ59 የክሮን ሕሙማን ላይ ያስገኘው ውጤት ይፋ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ፋይዳ እንዳላስገኘና የጎንዮሽ ጉዳቱም እንደበዛ ታወቀ። ፕሮቲኑ ብግነትን ከማነሣሣት በተጨማሪ የአንጀትን ሽፋን ለመጠበቅ እንደሚያገለግል አሁን ይታመናል። ሞዴሎች እርስ በርስ ሲጋጩ የተመቸውን መርጦ መያዝ እንደማይገባ ይህ ጉዳይ ያስረዳል።

የአይጥ ሞዴል ወሰን

በሰው ላይ ከክሮን በሽታ ጋር የተያያዘው የኖድ 2 ዘረ መል ከአይጥ ሲወገድ አይጧ በዚያ ብቻ የአንጀት ብግነት አይዛትም። በሰው ለዓመታት እየተባባሰ የሚሄደው በሽታ በኬሚካል ሞዴል በአንድ ሳምንት ይፈጠራል። ባክቴሪያውም ቢሆን የሚያሳስት ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት፣ ከተለያዩ አርቢዎች የተገዙ አንድ ዓይነት ዝርያ አይጦች በአንጀታቸው በሚኖር አንድ ባክቴሪያ ምክንያት የመከላከል ሥርዓታቸው እንደሚለያይ አሳይቷል። አይጦች አንዱ የሌላውን ኩስ የመብላት ጠባይ ስላላቸው በአንድ ጎጆ ያሉት ባክቴሪያቸው ይመሳሰላል። ስለሆነም መድኃኒት የተሰጣቸው በአንድ ጎጆ፣ ያልተሰጣቸው በሌላ ጎጆ ከሆኑ የታየው ልዩነት ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከጎጆው የመጣ ሊሆን ይችላል።

እጅግ ንጹሕ በሆነ ቤት ያደገች አይጥ ከሰው ይልቅ የዋህ የመከላከል ሥርዓት እንዳላት በመገንዘብ፣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የላቦራቶሪ አይጥ ፅንሶችን ከዱር አይጦች እንዲወለዱ አድርገዋል። በ2019 ይፋ እንደሆነው፣ በዚህ መንገድ የተወለዱት አይጦች እ.ኤ.አ. በ2006 በለንደን ስድስት ጤናማ በጎ ፈቃደኞችን ለከባድ ሕመም ከዳረገው ሙከራ ጋር የሚመሳሰል መድኃኒት ሲሰጣቸው አደጋውን የሚጠቁም ምላሽ አሳይተዋል። ተራዎቹ የላቦራቶሪ አይጦች ግን ይህን አላሳዩም።

ሥነ ምግባርና አማራጭ ዘዴዎች

አይጥ ሕመም የሚሰማት ፍጡር ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች ያቀረቡት መርሕ እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስና ሥቃያቸውን ማቃለል የሚሉ ሦስት ነጥቦችን ይዟል። በአንጀት ብግነት ጥናት ይህ መርሕ በተግባር ሲተረጎም አይጦቹን በየዕለቱ መመዘን፣ ክብደታቸው አስቀድሞ ከተወሰነው በታች ሲወርድም ጥናቱን ማቋረጥ ማለት ነው።

አማራጮችም እየተስፋፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድ የአይጥ፣ በ2011 የሰው የአንጀት ሽፋን ከግንደ ሕዋስ ተነሥቶ ኦርጋኖይድ በተባለ ጥቃቅን ቅርጽ በላቦራቶሪ ሊያድግ መቻሉ ተረጋግጧል። አሜሪካ በ2022 ማብቂያ ባወጣችው ሕግ አዳዲስ መድኃኒቶች የግድ በእንስሳት ላይ እንዲሞከሩ ይጠይቅ የነበረውን ድንጋጌ አንሥታለች። ይሁን እንጂ ኦርጋኖይድ የደም ዝውውር፣ የነርቭና የተሟላ የመከላከል ሥርዓት ስለሌለው አይጥን ሙሉ በሙሉ የሚተካበት ደረጃ ላይ አልደረሰም።

ለውሳኔ ሰጪዎች

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የባህል መድኃኒት ዕፅዋት በአይጦች ላይ ይፈተሻሉ። ለተቅማጥ የሚሰጡ ዕፅዋት ብዙውን ጊዜ የሚፈተኑት የጉሎ ዘይት በማጠጣት ተቅማጥ እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ነው። ዘዴው ተቀባይነት ያለው ነው። ሆኖም ተክሉ በጉሎ ዘይት የመጣን ተቅማጥ ማስቆሙ፣ ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነትን ወይም አሜባን ይፈውሳል ለማለት አያበቃም። ሞዴሉ ስለ እነዚህ በሽታዎች አልተጠየቀምና።

ስለሆነም በአይጥ ላይ የተገኘ ውጤት ለውሳኔ ሲቀርብ ጥቂት ነጥቦችን ማጣራት ይበጃል። ጥቅም ላይ የዋለው ሞዴል የትኛውን የበሽታውን ገጽታ ያሳያል? መድኃኒቱ የተሰጠው በሽታው ከመነሣቱ በፊት ነው ወይስ ከጸና በኋላ? ውጤቱ ከአንድ በላይ በሆኑ ሞዴሎችና በሌላ ላቦራቶሪ ተደግሟል? አይጦቹ በዕጣ ተመድበዋል? ውጤቱን የመዘነው ሰው የትኛዋ አይጥ መድኃኒት እንደወሰደች ሳያውቅ ነው? በሕሙማን አንጀት ላይ ተመሳሳይ ምልክት ታይቷል? በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2020 የተሻሻለው አራይቭ የተባለው መመሪያም ከእነዚህ አብዛኞቹ በጥናት ሪፖርት በግልጽ እንዲጻፉ ይጠይቃል።

የአንጀት ብግነት ሕሙማን በምርምር የሚጠቀሙት፣ የአይጥ ውጤት ዋጋ ሳይነፈገው ከሚገባው በላይም ሳይጋነን በልኩ ሲመዘን ነው። የኮሎኝ አይጦች የነገሩት እውነት ነበር። እውነቱ የሚመለከተው ሕመምተኛ እስኪለይ ድረስ ግን በሰው ላይ የሚካሄድ ጥንቃቄ የተሞላበት ጥናትና የዓመታት ትዕግሥት አስፈልጓል።